ጠመንጃ በውድ ለገዛው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ከእናንተ ቀበሌ ወደ ቦንጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬህን ይዞልኝ ይመጣል። ጎረቤትህ ከሰጠው ዋጋ በጣም አስበልጠህ ጠመንጃ ገዛህ አሉ። "ተበላ" ብለው ሲስቁብህም "አልቆጨኝም" ብለህ መለስክላቸው አሉ። ሳትገዛ በፊት ብትጠይቀኝ የምለው ነበረኝ። አሁን ግን ገዝተሃል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የምጽፍልህ ስለዚያ "አልቆጨኝም" ስላልከው ቃል ነው። ከልብህ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ የሚስቁብህን ዝም ለማሰኘት ከሆነ ግን ያሳስበኛል። እየቆጠርኩ የጻፍኩልህ፣ ቀስ ብለህ አንድ በአንድ እንድታስብበት ነው።

1. የጠመንጃህን ዋጋ ከጎረቤትህ ዋጋ ጋር አታስተያይ።

የቡና ዋጋ ምክንያቱ ይታወቃል፤ የማርም እንደዚያው። የጠመንጃን ዋጋ ግን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ፍርሃት ነው። እኔ በዕድሜዬ መውደቁንም መነሳቱንም አይቻለሁ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በእኛ አገር ጠመንጃ የባለመሬቱ ነበር፤ ጭሰኛው ያመረተው እህልና ማር ወጥቶበታል። ብዙ ሳይቆይ መሣሪያው ከባለመሬቱ እየተገፈፈ ለገበሬ ማኅበራት ታደለ። ብዙ ከፍዬበታለሁ ማለት ማንንም አላዳነም። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ ጦር ሲበተን ወታደሩ ክላሹን ለስንቅና ለመሳፈሪያ እየሸጠ ወደ ቀዬው ገባ። በዚያ ሰሞን የገዛ ሁሉ ራሱን ብልህ ነጋዴ አድርጎ ቆጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርነት በተሰማ ቁጥር ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ትንሽ ሰላም ሲወራ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።

ስለዚህ ጎረቤትህ በርካሽ የገዛው ከአንተ የተሻለ ተከራካሪ ስለሆነ ሳይሆን በደህና ቀን ስለገዛ ይሆናል። አንተ ሰው በሚሰጋበት ወራት ገዛህ፤ የሰጋ ሰው የሚከፍለውንም ከፈልክ። በዚህ አትቆጭ። ነገር ግን ንብረት አፈራሁ ብለህም አትመካ። ላም ትወልዳለች፣ ቡና ያፈራል፣ ቀፎ ማር ይሰጣል፤ ጠመንጃ ግን ጥይት ይበላል እንጂ ለቤትህ የሚጨምረው የለም። ልሽጠው ብትል ደግሞ እንደ ቅቤ ገበያ ይዘኸው የምትወጣው ዕቃ አይደለም፤ ስለዚያ ወደ ኋላ እጽፍልሃለሁ።

2. ዋጋውን ማን እንደከፈለ ጠይቅ።

ይህኛውን ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ ሌላው ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነውና።

በአገራችን ታሪክ ታላቁ የጠመንጃ ገዢ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የአውሮፓ ነጋዴ ሁሉ አሮጌ ብረቱን እየጫነ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ግጥም መጻፉን ትቶ ንግድ የያዘው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ነው። በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሂሳቡን ሳይደብቅ አስቀምጦታል። ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ከተማ፣ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣውን፣ አውሮፓ ከተወው 40 ዓመት የሆነውን ጠመንጃ፣ ለሸዋው ንጉሥ በ40 ፍራንክ ግድም ሊሸጥ አስቦ ነበር። ንጉሡ ግን የዋዛ ገዢ አልነበሩም። ራምቦ ታጁራ ላይ ወራት ተጉላልቶ፣ በረሃውን አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ሲደርስ ዋጋውን አወረዱበት፤ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ ቀነሱበት፤ የቀረውንም ሐረር ወርዶ ከአገሩ ገዢ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። እንዲያም ሆኖ የተከፈለው ብረቱ አውሮፓ ላይ ከሚያወጣው እጥፍ ድርብ ነበር።

ከዚያ ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል መጣ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። እርሱን ተከትሎ በመጣው ስምምነት ኢጣሊያ 4 ሚሊዮን ሊሬ አበደረች፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ከብድሩ መሣሪያ ተገዛበት። ዘመኑ ከብቱ በደስታ በሽታ ያለቀበት፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን የጨረሰበት ዘመን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠመንጃ መግዛት ምን ያህል ከባድ ዋጋ እንደሆነ ለአንተ መንገር አያሻኝም። ቆይቶ የውሉ አንቀጽ 17 የአገሪቱን ነፃነት የሚበላ ሆኖ ሲገኝ ንጉሠ ነገሥቱ ብድሩን ከነወለዱ መለሱ፣ ውሉንም አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ታውቃለህ። በዚያ ቀን ጠመንጃ የያዘውን ኢትዮጵያዊ አይቶ "ይህ እኮ በውድ የተገዛ ነው" የሚል ሰው ከተገኘ ሂሳብ እንጂ አገር አያውቅም። እኔ በዓድዋ እኮራለሁ፤ አንተም ኩራ።

አሁን ደግሞ ወደ ደጃችን ልመልስህ። ዓድዋ ሲዘመት ካፋ ገና ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ድንበሩን በጥልቅ ጉድባና በጠባብ በር ዘግቶ፣ ጫካውን አጥር አድርጎ፣ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በአንድራቻ ተቀምጠው ይገዙ ነበር። ዓድዋ ድል በተደረገ በዓመቱ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ የምኒልክ የጦር አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከሌሎች ጦሮች ጋር ሆኖ በካፋ ላይ ዘመተ። የመጣው ጦር ጠመንጃው በሺህ የሚቆጠር ነበር። የካፋ ሰው ጦርና ጋሻ እንዲሁም ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ያረጀ ጠመንጃ ይዞ ጠበቀው። ንጉሡ ወራት ሙሉ በጫካና በገደል ሲታገሉ ቆይተው ተያዙ፤ ታስረውም ከአገራቸው ወጡ፣ ዙፋናቸውን ዳግመኛ ሳያዩ በግዞት ሞቱ። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ሊቀላቀል በካፋ ሲያልፍ፣ ወደ አንድራቻ በሚወስደው መንገድ የሰው አጥንት ተበትኖ እንዳየ ጽፏል። ዛሬ ቦንጋ ላይ ቡና የምንጠጣበት አገር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃ ያዡ እዚሁ ሰፈረ። ገበሬው በነፍስ ወከፍ ተቆጥሮ ገባር ሆኖ ተሰጠው። አርሶ አበላው፣ ማር ቆርጦ አቀረበለት፣ እንጨት ፈልጦ አመጣለት። ብዙው ሸሸ፤ ብዙው ተሸጠ። መጀመሪያም ቢሆን ለጠመንጃው የተከፈለው የዝሆን ጥርስና ወርቅ፣ ዝባድና ቡና አብዛኛው የወጣው ከደቡብና ከምዕራብ አገር ነበር። አየህ፣ ልጄ፤ አንድ ጠመንጃ አንድ ቦታ ነፃነት አስከብሮ ሌላ ቦታ ነፃነት ገፍፏል። ገዢው በሁለቱም ቦታ አልተቆጨም። ዓድዋ ላይ አለመቆጨቱ ትክክል ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ሕዝብ በነፃነት መልሶ አግኝቶታልና። ካፋ ላይ ግን ዋጋውን የከፈለው ሌላ፣ ያልተቆጨው ሌላ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ቂም እንድትይዝ አይደለም፤ ዛሬ ከሰፋሪው ልጆች ጋር ተጋብተን፣ አብረን ቀብረን፣ አብረን የምንኖር ሰዎች ነን። የምጽፍልህ "አልቆጨኝም" የሚል ሰው ስሰማ ሁልጊዜ "የከፈልከው አንተ ነህ ወይ?" ብዬ የምጠይቀው ለምን እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

ልጨምርልህ። የካፋ መኳንንት በጉድባውና በጫካው ተማምነው ነበር፤ ዘመኑ ግን የጠመንጃ ነበር። አለመግዛትም ዋጋ አለው፤ አባቶቻችን በሰውና በአገር ከፍለውታል። ስለዚህ ጠመንጃ የገዛን ሰው ሁሉ ሞኝ አልለውም። ቤቱ ከጫካ ጠርዝ ያለ፣ ከፖሊስ ጣቢያ የራቀ፣ ከብቱ የተነዳበት ሰው የሚያውቀውን ከተማ የተቀመጠ ሰው አያውቀውም።

3. በቤትህ ውስጥስ የከፈለው ማነው?

ከአንተ ጋር ያለኝ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ከሰው ሰምቻለሁ፤ አንተ ግን አልነገርከኝም። የራስህን ኮረሪማ ሸጠህ፣ የራስህን ማር አውርደህ ከሆነ፣ ሁለት እጥፍም ከፍለህ ቢሆን ማንም ጣቱን አይቀስርብህም። ባለቤትህ ያረባችውን ወይፈን ሳታማክራት ሸጠህ ከሆነ ግን "አልቆጨኝም" የማለት መብቱ የእርሷ እንጂ የአንተ አይደለም። ከአባታችሁ የቀረው የቡና መሬት የአንተ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ የታናሽ እህትህም ድርሻ አለበት። የእርሷን ድርሻ ቡና ገና ዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ በቅድሚያ ሸጠህ ከሆነ፣ የጠመንጃህ ዋጋ ለሻጩ የቆጠርከው ብቻ አይደለም። ቡና ሲደርስ የሚያወጣውና አንተ በአበባው የሸጥክበት ልዩነትም አብሮ ይደመራል፤ ያንን የምትከፍለው ደግሞ እህትህ ናት። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። በትከሻህ ላይ ስታየው ምን እንደሚሰማት አስብ።

የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ ነክተህ ከሆነም እንደዚሁ ነው። ቁጭ ብለህ ለባለቤትህና ለእህትህ ሂሳቡን ሳትቀንስ ንገራቸው። ይህን ያህል ከፈልኩ፣ ከዚህ ከዚህ አመጣሁት፣ የእናንተ ይህን ያህል አለበት በላቸው። ቢቆጡህ ስማቸው፤ አትከራከራቸው። የሰፈር ሰው ሲስቅብህ የመለስክላቸውን መልስ ለእነርሱ አትመልስ።

4. ትርፍ የከፈልከው ለወረቀቱ ከሆነ ከገበያው ሁሉ በርካሽ የገዛኸው አንተ ነህ።

በርካሽ ገዛሁ የሚለውን ጎረቤትህን ፈቃዱን እንዲያሳይህ ጠይቀው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ መግዛትና ማዘዋወር ወንጀል ነው። ድሮ አያቴ የያዘው ነው፣ ባህላችን ነው ማለት አያስጥልም። ደላላ በጨለማ ያመጣው ጠመንጃ ከየት እንደወጣ፣ ማን እንደተገደለበት፣ ከየትኛው ጣቢያ እንደተሰረቀ አታውቅም። ቁጥሩ በተመረመረ ቀን የሌላው ሰው ወንጀል አንተ ቤት ይገኛል። ያን ጊዜ በርካሽ የገዛው ሰው ለጠበቃና ለዋስ የሚያወጣው ገንዘብ፣ በእስር ቤት ያለፈው የእርሻ ወራት ሁሉ ዋጋው ላይ ይደመራል።

እንግዲህ ራስህን መርምር። ትርፍ የከፈልከው ሻጩ ባለ ፈቃድ ስለሆነ፣ ዝውውሩም ፖሊስ እያወቀው ስለተፈጸመ ከሆነ፣ በየስብሰባው ቢስቁብህ ግድ አይስጥህ። ትርፉን የከፈልከው ደላላው ዝም እንዲልልህ ከሆነ ግን ይህን ደብዳቤ አጥፈህ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና ጉዳዩን አስረዳ። ብቻህን አትሂድ፤ የሚከበሩ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ስትፈልግ እኔ እመጣለሁ።

የጥይቱንም ነገር አትርሳ። በአገሩ ውስጥ ስንት ምንሽርና ውጅግራ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ይዝጋል! ስሙ በፉከራ ይነሳል፤ ጥይቱ ግን የለም፣ ወይም ከዕድሜው የተነሳ የተኳሹን ዓይን የሚያጠፋ ሆኗል። እንዲህ ያለውን በርካሽ ገዝቶ የመጣ ሰው የገዛው የግድግዳ ጌጥ ነው። አንተ ደህናውን ገዝተህ ከሆነ መልካም አደረግህ።

5. በሠርግና በልቅሶ ላይ አትተኩስ።

ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት መሬት ላይ ይወርዳል። በማን ላይ እንደሚወርድ የተኳሹ ምርጫ አይደለም።

6. ጫካው የጠመንጃህ ማሳያ አይደለም።

በቆሎህን ከርከሮና ዝንጀሮ እንደሚፈጁት፣ እንሰትህን ጃርት ከሥሩ እንደሚነቅለው አውቃለሁ። ይህ የእኛ አገር ዘላለማዊ ጭቅጭቅ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን በማማ፣ በወንጭፍ፣ በእሳትና በጩኸት ነው የጠበቁት። ተራ ገብተው ስለሚጠብቁም አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃ ነበር። ዛሬ ማማው እየቀረ እያንዳንዱ ለብቻው ጠመንጃ ይመኛል። እኔን ብትጠይቀኝ ለአዝመራው የሚበጀው ተራው ቢመለስ ነው፤ ጠመንጃው በአንድ ሌሊት አንዱን ማሳ ይጠብቃል፣ ተራ የገባ ሰፈር ግን ሁሉንም ይጠብቃል።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓለም ሁሉ የሚጠጣው ቡና የዱር ዘመዱ እዚህ ጥላ ሥር ራሱን እየተካ ይኖራል። ጉሬዛው፣ ጎሹ፣ አንበሳው የዚሁ ደን ናቸው። ድሮ ጎሽና አንበሳ የገደለ ይፎከርለት ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ፉከራውን ስሰማ ደሜ ይሞቅ ነበር። ዛሬ ግን ሕግ ይከለክለዋል፤ ሕጉም ልክ ነው። የቀሩት ጥቂት ናቸው። ጠመንጃ ገዝቶ የመጀመሪያ ሥራው አውሬ ፍለጋ የሆነ ሰው ሰምቼ አዝኛለሁ፤ አንተ ከዚያ ወገን አትሁን። ከብትህ ላይ አውሬ ከመጣ ለቀበሌና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች አስታውቅ፤ ሳትነግር የወሰድከው እርምጃ ኋላ ላይ ለማስረዳት ከባድ ነው።

7. ቤት ውስጥ ያለው አያያዝ።

ጠመንጃው ባዶውን ይቀመጥ፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍበት። ቁልፉ ከአንተ አንገት አይውረድ። ትልቁ ልጅህ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አባቱ የሚደብቀውን ነገር ሳያገኝ አያድርም። "አትንካ" ማለት ብቻ አይበቃውም። አውጥተህ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ አሳየው፤ አፈሙዝ ወደ ሰው የማይዞረው ለምን እንደሆነ አስረዳው፤ ከዚያ መልሰህ ቆልፍበት። ልጅ የሚጓጓው ላላየው ነው።

ጠጅ ወይም ቦርዴ በሚጠጣበት ቀን ጠመንጃው ከቤት አይወጣም። በድንበር ነገር ስትጣላ አይወጣም። ይህን ለራስህ ስእለት አድርገው። በእኛ አገር በመሬት ድንበር የሞተ ሰው ብዙ ነው፤ ከገዳዮቹ አብዛኞቹ በማግሥቱ የጠሉትን ሰው ስም እየጠሩ ያለቀሱ ናቸው። ክርክር ሲነሳ ጠመንጃውን ቤት ትተህ ሽማግሌ ጥራ። ሽማግሌ ቀርፋፋ ነው፣ ቡና እየጠጣ ያዘገያል፣ አንዱን ነገር ሦስቴ ያስደግማል። ሆን ብሎ ነው፤ ደሙ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይሰጣል።

8. ለማንም አታውስ።

ለወንድም ቢሆን፣ ለአማች ቢሆን፣ "ለአንድ ሌሊት ብቻ" ቢልህም አታውስ። ፈቃዱ በስምህ ነው፤ ያ ጠመንጃ የሠራው ሁሉ ስምህን ይዞ ይመጣል። ዘመድ ተቀየመኝ ብለህ አትጨነቅ፤ ቅያሜ በእርቅ ያልፋል። በተለይ ተጣልቶ የመጣ ሰው ሲጠይቅህ እምቢ ከማለትም አልፈህ ቤትህ አሳድረው፣ አብላው፣ ሌሊቱን ሙሉ አስወራው።

9. እምቢ ባለህ ጊዜ መልሰው።

ስለ መሸጥ እጽፍልሃለሁ ብዬህ ነበር። ጠመንጃው ቤት ከገባ ወዲህ እንቅልፍህ ከቀነሰ፣ ከገበያ መንገድ ይልቅ የጠላት መንገድ የምታስብ ከሆነ፣ ባለቤትህ ስትቆጣ ዓይኗ ወደ ተሰቀለበት ከሄደ፣ ያ ዕቃ ለቤትህ አልሆነም። ያን ጊዜ በውድ የገዛሁትን እንዴት እተወዋለሁ ብለህ አትያዘው። ለደላላም አትሽጠው፤ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ለመንግሥት አስረክብ። ብሩ ሄዷል፤ ጠመንጃውን በማቆየትህ አይመለስም።

ቤትህ ግን በሰላም ካደረ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ባለቤትህም "ተወው፣ ይሁን" ካለችህ፣ እንግዲህ የጎረቤትን ሳቅ እርሳው። ለቀማ እንዳለቀ ለዕቃ መግዣ ብለህ ሳታስቀር መጀመሪያ የእህትህን ድርሻ በደረሰው ቡና ዋጋ አስልተህ ክፈላት፤ በአበባው በሸጥክበት ዋጋ አይደለም። ቀጥሎ የወይፈኑን ጉዳይ ከባለቤትህ ጋር ጨርስ። ፈቃድህ የሚታደስበትን ቀን ለእኔም ጻፍልኝ፤ ቦንጋ ስትመጣ አብረን ወደ ጣቢያ እንሄዳለን። እህትህንም ይዘሃት ና፤ ሂሳቡ ፊቴ ይቆጠር።